ስለ ዩራኒየምና ስለ ፍሎሪን ውሕደት

በምሥራቅ ሱዳን፥ በገዳሪፍና በዙሪያው ባለው የጥቁር አፈር ምድር፥ ዝናቡ ሳይገባ በሚያዝያና በግንቦት፥ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የቤት ክዳን ቆርቆሮማ እጅን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ይህን አስቀድሜ ማንሣቴ፥ ከዓለም የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች የሚበዙት ነዳጃቸውን የሚያገኙበት አንድ ነጭ ጨው፥ ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ የሚባለው፥ እንዲህ ባለው የቆርቆሮ ሙቀት፥ ይኸውም በ56.5 ዲግሪ፥ ሳይቀልጥ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ጋዝነት የሚለወጥ ስለ ሆነ ነው። ጨው ራሱ በምሥራቅ ሱዳንም ሆነ በአገራችን አይሠራም፤ ነገር ግን ጠባዩን ለማስረዳት፥ በጋው የሚፋጅ፥ ክረምቱም ጭቃው እግር የሚይዝ የመተማና የገላባት ወሰን አገር ይመቸኛል፤ ይህ ፍጥረት ሙቀት ሲያገኘው ይተናል፥ ውሃ ሲያገኘው ይፈርሳልና።

ዩራኒየም ለብቻው ሲሆን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ ብረቱን ለማቅለጥ እንኳ 1132 ዲግሪ ያስፈልጋል። ስድስት የፍሎሪን አቶሞች ከላይና ከታች፥ ከግራና ከቀኝ፥ ከፊትና ከኋላ ሲከቡት ግን፥ ከባዱ አቶም በመካከላቸው ተሸሽጎ ጎረቤቱን የሚይዝበት ኃይል ስለማይተርፈው፥ ሞለኪውሎቹ በጥቂት ሙቀት ይለያያሉ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ከማዕድኑ ተጣርቶ የወጣው ቢጫ ዱቄት ወደ ኦክሳይድ ከተለወጠ በኋላ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሲያልፍበት፥ ሠራተኞቹ አረንጓዴ ጨው የሚሉት፥ አራት ፍሎሪን ብቻ ያለው፥ ከ1000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጥ ጠጣር ይሆናል፤ በዚህ ላይ ንጹሕ የፍሎሪን ጋዝ ሲጨመርበት የጎደሉት ሁለቱ ይሟላሉ።

የሁለቱ ንጥረ ነገሮች ታሪክ በአንድ ሊቅ እጅ ይገናኛል። ፍሎሪንን፥ ከእርሱ በፊት የሞከሩት ብዙዎች የተጐዱበትን ጋዝ፥ በሰኔ ወር 1878 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ያወጣው ፈረንሳዊው አንሪ ሟሳን ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ አባቶቻችን በዐድዋ ተራሮች ላይ በሚዋጉበት በዚያው ዕለት፥ አንሪ ቤክረል በፓሪስ በጨለማ ያኖረውን የፎቶግራፍ ሰሌዳ አውጥቶ ቢያየው የዩራኒየም ጨው ያለ ፀሐይ ብርሃን ጥላውን ጥሎበት አገኘ፤ በግንቦትም ሟሳን ያነጠረለትን የዩራኒየም ብረት ሲፈትን ያን ጥላ የጣለው ጨረር ከራሱ ከዩራኒየም ባሕርይ እንደሚወጣ አረጋገጠ። ዕለቱ ከዐድዋ ጋር መግጠሙን ባሰብሁ ቍጥር እደነቃለሁ።

የዚህ ውሕደት ታላቁ ምሥጢር ግን በፍሎሪን አንድነት ላይ የቆመ ነው። ዩራኒየም ከ1000 አቶሞቹ 993ቱ ያህል 238 ሲመዝኑ 7ቱ ብቻ 235 ይመዝናሉ፤ በማመንጫ ውስጥ የኃይሉን ሰንሰለት የሚያስጀምሩትም እነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ሁለቱ ዓይነቶች በኬሚስትሪ ጠባያቸው አንድ በመሆናቸው መለያቸው ክብደት ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ፍሎሪን እንደ ክሎሪን ሁለት ዓይነት ክብደት ቢኖረው ኖሮ፥ ቀላሉ ዩራኒየም ከከባድ ባልንጀራ ጋር ተዋሕዶ ከከባዱ በተምታታ ነበር፤ ፍሎሪን ግን በተፈጥሮ 19 ብቻ ስለሚመዝን፥ ሞለኪውሎቹ 349ና 352 ሆነው በመካከላቸው የሚገኘው ልዩነት ሁሉ የዩራኒየሙ ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የገዳሪፍ ገበሬ ማሽላውን በላይዳ ወደ ነፋስ ሲያዘራ ገለባው ወዲያው ይለይለታል፤ እዚህ ግን ጋዙ እጅግ በሚፈጥን የሚሽከረከር በርሜል፥ በሴንትሪፊውጅ፥ ውስጥ ገብቶ ከባዱ ወደ ግድግዳው፥ ቀላሉ ወደ መካከሉ በጥቂቱ ሲያደላ፥ ያደላው እየተቀዳ ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙ ጊዜ ካልተላለፈ፥ ለማመንጫ የሚበቃው ከመቶ 3 እስከ 5 የሆነ ቀላል ዩራኒየም አይገኝም።

አደጋውስ? ብዙ ሰው ጨረሩን ይፈራል፤ እኔ ግን በዚህ ጨው ከጨረሩ ይልቅ ኬሚስትሪው የሚያስፈራ ይመስለኛል። የክረምት አየር እርጥበት ከነካው፥ ኵላሊትን ወደሚጐዳ የዩራኒየም ውሕድና ሥጋንና ሳንባን ወደሚበላ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ወዲያው ይለወጣል። በታኅሣሥ 26 ቀን 1978 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ ኦክላሆማ፥ ጎር በምትባል ከተማ አጠገብ ከልክ በላይ የተሞላ የብረት በርሜል ሲሞቅ፥ ይህ ጨው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በግፊት ሲሞቅ ስለሚቀልጥ፥ ሲቀልጥም ከሲሶ በማያንስ መጠን ስለሚሰፋ፥ በርሜሉ ፈነዳ፤ አንድ ሠራተኛም ሞተ፤ የገደለውም ጨረር ሳይሆን ይኸው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ነው።

ቀላሉ ዩራኒየም ከተወሰደለት በኋላ የሚቀረው ጨው ወደ 700 ሺህ ቶን ያህል በአሜሪካ በብረት በርሜሎች ተከማችቶ ነበር። ዛሬ በኬንተኪና በኦሃዮ ባሉ ሁለት ፋብሪካዎች በውሃ እንፋሎትና በሃይድሮጅን እየፈረሰ፥ ዩራኒየሙ ወደማይተን ኦክሳይድ ሲመለስ፥ ፍሎሪኑ ደግሞ አሲድ ሆኖ ለኢንዱስትሪ ይሸጣል።