በስንት ገዛኸው?

የፋሲካ ሰሞን በግ እየጎተተ የሚሄድ ሰው ከገበያው እስከ ቤቱ ደጃፍ አንድ ጥያቄ አይለየውም። የታክሲ ረዳቱ፣ ሊስትሮው፣ ዘበኛው፣ በር ላይ የቆመችው እናት ሁሉም «በስንት ገዛኸው?» ይሉታል። የማያውቁትን ሰው ኪስ መጠየቅ በሌላ ቀን ነውር ነው፤ በበዓል ዋዜማ ግን ወግ ነው። ጠያቂው መልሱን ይዞ ወደ በግ ተራ ይወርድና ነጋዴው ሲጠራበት «አሁን እንኳ አንዱ በዚህን ያህል ገዝቶ አለፈ» ይላል። ሰዎች የገዙበትን ዋጋ እየጻፉ የሚያወዳድሩበት ድረ ገጽ ከዚህ ወግ ብዙም አይርቅም። አንዱ የመለሰው ለሌላው ተጽፎ ይቀመጣል፣ ያ ነው ልዩነቱ።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ጋዝበዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ተመሠረተ። አሽከርካሪዎች ማደያው ደጃፍ የተሰቀለውን የቤንዚን ዋጋ አይተው ይመዘግባሉ፤ ሌላው ከቤቱ ሳይወጣ ርካሹን ማደያ ይመርጣል። የመዘገበ ሰው ነጥብ ይቆጠርለታል። ቤንዚን ለእንዲህ ያለ ሥራ የተፈጠረ ዕቃ ነው፤ ዓይነቱ ጥቂት፣ መለኪያው አንድ፣ ዋጋው ከመኪና ሳይወርዱ የሚነበብ፣ ክርክር የሌለበት። እኛ ዘንድ ግን የነዳጅን ዋጋ የሚቆርጠው መንግሥት ስለሆነ፣ ማደያ ለማደያ ዋጋ ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው። ሹፌር ለሹፌር የሚጠያየቀው «አለ ወይ?» ብሎ ነው። የሚገርመው አሜሪካኖቹም እዚያው ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የኮሎኒያል ነዳጅ ማስተላለፊያ መስመር በኮምፒውተር ጠላፊዎች ሳቢያ ሲቆም፣ በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ያለው ሰው ወደ ጋዝበዲ የጎረፈው ቤንዚን ያላለቀበት ማደያ ፍለጋ ነበር።

ኑምቤዮ ደግሞ ከአንድ ዕቃ ወደ ከተማ ኑሮ ተሻገረ። ምላደን አዳሞቪች የተባለ ሰርቢያዊ የሶፍትዌር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቋቋመው ሲሆን፣ የየከተማው ነዋሪ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ፣ የምግብ ዋጋ ይሞላበታል። ኒውዮርክ 100 ትባልና ሌላው ዓለም ከእሷ አንጻር ይለካል። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቶሮንቶ ሊሄድ የሚያስብ ሰው ሳይጎበኘው አይቀርም። ነገር ግን የዕቃዎቹን ዝርዝር ያየ አበሻ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ካፑቺኖ አለ፣ ፖም አለ፣ ጂንስ ሱሪ አለ። ጤፍ የለም፣ በርበሬ የለም። ዝርዝሩን የሚያወጣው ሰው ሳያውቀው የማን ኑሮ እንደሚቆጠር ይወስናል።

እንግዲህ ይህንኑ ወደ ሾላ ገበያ እናምጣው። ፕሮግራሙን መጻፍ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው የጥቂት ሳምንት ጉዳይ ነው፤ ጣጣው መለኪያው ላይ ነው። ድንች በኪሎ ይሸጣል፣ በመደብም ይሸጣል። መደቡ ላይ ስንት ድንች እንዳለ የሚያውቀው የደረደረው ሰው ብቻ ነው፤ ነገ ከመደቡ ሁለት ድንች ቢነሣ ዋጋው «አልጨመረም»። ጎመን በእስር ነው፣ እህል በጣሳ፣ በቁና፣ በኩንታል። ቡና ጅምላው በፈረሱላ ነው፤ 17 ኪሎ። ጤፉስ ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሠርገኛ ነው? የአድአ ነው የጎጃም? አንዷ ማኛ፣ ሌላዋ ሠርገኛ ገዝተው ሁለቱም «ጤፍ» ብለው ቢጽፉ፣ ድረ ገጹ አንዷን የተታለለች ያስመስላታል።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት እ.ኤ.አ. በ2008 ግብይት ሲጀምር ይኸው ፈተና ገጥሞታል። ገዢ ጆንያውን ሳያይ እንዲገዛ ምርቱ መጋዘን ገብቶ መመዘን፣ ናሙናው ታይቶ ደረጃ ማግኘት ነበረበት። ዋጋው በሰሌዳና በስልክ ለገበሬው እንዲደርስ የተደረገው ይህ ሥራ ስላለ ነው። ተራ ሸማች ግን መጋዘንም ደረጃ መዳቢም የለውም። ስለዚህ ብልህ የድረ ገጽ ሠሪ ሸማቹ የጻፈውን እንዳለ ያስቀምጣል፤ «ሁለት ጣሳ» ካለ ሁለት ጣሳ። ወደ ኪሎ የሚቀየረውን ግምት በሌላ ረድፍ ይይዛል፤ ግምቱ ሲሳሳት ዋናው ቃል እንዳይጠፋ።

ከዚያ ፊደላችን አለ። አንዱ «ሥጋ»፣ አንዱ «ስጋ» ብሎ ሲጽፍ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ዕቃ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሠ እና ሰን፣ ጸ እና ፀን፣ አ እና ዐን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ማጣሪያ ከመጀመሪያው ቀን ካልገባ፣ ገበያው ለሁለት ይከፈላል። ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። «መስከረም 5 ቀን 2017» ብላ የጻፈችውን ሴት ኮምፒውተሩ የዛሬ ስንት ዓመት ገዝታ ነው ብሎ መዝገብ ውስጥ ይቀብራታል። ዋጋ ያለ ቀኑ ደግሞ ወሬ ነው።

ስህተት መግባቱ አይቀርም። አምስት ሰው የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ 120፣ 125፣ 130፣ 135 እና 1300 ብር ብለው ጻፉ እንበል፤ የመጨረሻው አንድ ዜሮ አብዝቷል። ደምረን ለአምስት ብናካፍል 362 ብር ይመጣል፤ በዚህ ዋጋ የገዛ አንድም ሰው የለም። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ የመሐሉን መውሰድ ግን 130ን ይሰጣል፤ ዜሮውም አያናውጠውም። ኦፕን ፉድ ፋክትስ የተባለው ከፈረንሳይ የተነሣ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር በዋጋ መዝገቡ የዋጋ መለያውን ወይም የደረሰኙን ፎቶ እንደ ማስረጃ ይቀበላል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጉልት የምትሸጥ እናት ግን ደረሰኝ አትቆርጥም።

ዋጋን አደባባይ ማውጣት ሁልጊዜ ገዢን የሚጠቅም ይመስላል። እኔም ይመስለኝ ነበር፣ የዴንማርክን ነገር እስክሰማ። የአገሪቱ የውድድር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ለግንባታ ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ኮንክሪት በስንት እንደሚሸጥ በየጊዜው እያሳተመ ማውጣት ጀመረ፤ ገዢው አውቆ ይከራከር ተብሎ። በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጨመረ። ሻጮቹ ጥቂት ነበሩ፤ ለደንበኛ በምስጢር ይቀንሱ የነበረውን ተፎካካሪ ሲያየው ተዉት። በእስራኤል የሆነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የየዕቃውን ዋጋ በኢንተርኔት እንዲያወጡ ሕግ አስገደዳቸው፤ ማወዳደሪያ ድረ ገጾችም ተነሡበት። ኢታይ አተር እና ኦረን ሪግቢ የተባሉ ተመራማሪዎች ያጠኑት እንደሚያሳየው ዋጋው ከ4 እስከ 5 በመቶ ቀነሰ። እዚያ መዝገቡን ገልጦ ያነበበው ሸማቹም ነበር። እንደ እኔ የዚህ ሥራ ዕጣ የሚወሰነው ቁጥሮቹን አብልጦ ማን ያነባቸዋል በሚለው ነው። ሲሚንቶ አከፋፋዮች ብቻ የሚያዩት የሲሚንቶ ዋጋ ባይወጣ ይሻላል።

ባዶ ድረ ገጽም ማንም አይጽፍበትም። የመጀመሪያውን መቶ ዋጋ የሚሞላው ሠሪው ራሱ ነው፤ ዘንቢል ይዞ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ሳሪስ እየዞረ። ሳይገዛ ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ገበያ ላይ እንዴት እንደሚታይ ደግሞ የታወቀ ነው።

በጉስ? በግ በኪሎ አይገዛም፣ ደረጃም አልወጣለትም፤ ላቱ ይዳበሳል፣ ወገቡ ይጨበጣል፣ ጥርሱ ይታያል። ለእሱ አንድ ፎቶና ሁለት ባዶ ቦታ ይበቃል፤ አንዱ ነጋዴው መጀመሪያ የጠራው፣ ሌላው የተሸጠበት። ተረኛው ገዢ ከሁለተኛው ቁጥር ይልቅ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው የሚፈልገው። መንገድ ላይ ሲጠየቅ ሁለት መቶ ብር ቀንሶ የሚናገረው ጀግና ድረ ገጹም ላይ ቀንሶ ይጽፋል፤ ለእሱ ማጣሪያ አልተገኘም።