ከማተሚያ ቤት የወጣ ጉድፍ እና ከገበያ የመጣ ጉዳት

አሮጌ ገንዘብ እንደ ቡናና እንደ ቆዳ ደረጃ ወጥቶለት የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ አላስተዋሉትም። ቡና በእንከኑ ብዛት ደረጃው እንደሚወሰን ሁሉ፣ በውጭ አገር ገበያም የጥንት ብርና ሳንቲም እየተመረመረ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቁጥር ይመደባል። ነገር ግን ይህ ምደባ በቡና ዘንድ የማይታወቅ አንድ እንግዳ ሕግ አለው። የተበላሸ ፍሬ የትም ይበላሽ የት እንከን ነው፤ በገንዘብ ላይ ግን ጉድፉ ምን ያህል እንደ ሆነ ከመጠየቁ በፊት የት እንደ ተፈጠረ ይጠየቃል። ከማተሚያ ቤቱ ይዞት የወጣው ጉድፍ አንድ ነገር ነው፤ ከወጣ በኋላ በሰው እጅ የደረሰበት ጉዳት ሌላ ነገር ነው። ይህን ሳይለይ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ይጥላል። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የሚነገሩት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በአገራችን ብር ላይ የተጻፉት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

የሰባው ደረጃ መነሻ አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 ስለ ጥንታዊ የአሜሪካ ሳንቲሞች ያወጣው ጽሑፍ ነው። የእርሱ አሳብ ፍጹም የሆነው ሳንቲም እጅግ ካለቀው ሰባ ጊዜ ይበልጣል የሚል ነበር። የዋጋው ስሌት ብዙም ሳይቆይ ቀረ፤ ቁጥሩ ግን ቀጠለ። በ1986 እና በ1987 በአሜሪካ የተነሡ ሁለት ድርጅቶች ገንዘቡን መርምረው፣ ቁጥሩን ጽፈው፣ በታሸገ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ የዓለም ገበያ በዚሁ ይተዳደራል። ከ60 በላይ ያለው ቁጥር በገበያ ላልዋለ ገንዘብ የተጠበቀ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የሥራውን ሂደት ማወቅ ያስፈልጋል። ብሩ ወይም መዳቡ ቀልጦ በሰሌዳ መልክ ይዳመጣል፤ ከሰሌዳውም ክብ ክብ እየሆነ ይቈረጣል። ይህን ገና ሥዕልና ጽሕፈት ያልወጣበትን ክብ ጥፍጥፍ እንበለው። ጥፍጥፉ በእሳት ለስልሶ፣ ጠርዙ ከፍ እንዲል ተደርጎ፣ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በኃይል ይመታል። እንግዲህ ጉድፍ የሚገባው በጥፍጥፉ፣ በማኅተሙ ወይም በምቱ በኩል ነው።

ለዚህ ሁሉ በ1794 በፊላዴልፊያ ከታተመው ከመጀመሪያው የአሜሪካ ዶላር የተሻለ ምስክር አይገኝም። በዚያ ዓመት ከማተሚያ ቤቱ የወጣው 1,758 ብቻ ነበር። መኪናው የተሠራው ለትናንሽ ገንዘብ በመሆኑ ኃይል አነሰው፤ ሁለቱ ማኅተሞችም ትይዩ ሆነው አልገጠሙም። ከዚህ የተነሣ በግራ በኩል ያሉት ከዋክብትና የዓመቱ ቁጥር በብዙዎቹ ላይ ደብዝዘው ይታያሉ። ደግሞም የብሩ ክብደት በሕግ የተወሰነ ስለ ነበረ፣ ከልኩ የከበደው ጥፍጥፍ ከመታተሙ በፊት በሞረድ ይፋቅ ነበር፤ የቀለለው በመካከሉ ተበስቶ ትንሽ የብር ውታፍ ይገባበት ነበር። ከእነዚህ ዶላሮች አንዱ ውታፉም የሞረዱም ፍቅ በላዩ እየታየ ከሰባው 66 ተሰጠው፤ በጃንዋሪ 2013 በኒውዮርክ በተደረገው ጨረታም በ10,016,875 ዶላር ተሸጠ። ያንኑ ሞረድ አንድ ባለሱቅ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አንሥቶ ጥቂት ቢፍቀው ኖሮ፣ ብሩ ቁጥር የሚባል ነገር ባላገኘም ነበር። ፍቁ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ፋቂው በመለያየቱ ብቻ ፍርዱ ይህን ያህል ይራራቃል። ነገሩ ለጊዜው ፍርደ ገምድል ቢመስልም ምክንያት አለው፤ የማተሚያ ቤቱ ፍቅ ገንዘቡ እንዴት እንደ ተወለደ ይናገራል፤ የባለሱቁ ፍቅ ግን የሚናገረው ስለ ባለሱቁ ብቻ ነው።

ታዲያ ፋቂው ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ለጀማሪ የሚጠቅም አንድ ቀላል መለያ አለ። ማኅተም ላይ የጎደጎደ ሁሉ ገንዘቡ ላይ አብጦ ይወጣል። ስለዚህ ማኅተሙ ተሰንጥቆ ወይም ተጭሮ እንደ ሆነ በገንዘቡ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይታያል፤ ገንዘቡ ራሱ ከወጣ በኋላ የተጫረ እንደ ሆነ ግን መስመሩ የሰመጠ ይሆናል። በጥሩ ማጉያ መነጽር ይህን መለየት ለማንም አያዳግትም። የጥፍጥፉ ጉድፍ ብቻ ከዚህ መለያ ውጭ ነው፤ ቅርፊት ሆኖ የተላጠ ወይም ከመታተሙ በፊት የተፋቀ ሥፍራ ጎድጎዶ ሊታይ ይችላልና፣ ምቱ በላዩ ማለፍ አለማለፉ መመርመር አለበት።

በ1937 በዴንቨር ከታተመው የአምስት ሳንቲም ገንዘብ ላይ የታየው ሦስት እግር ያለው ጎሽ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሁለቱ ማኅተሞች ጥፍጥፍ ሳይገባ እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ምልክት ስለ ተዉ፣ ያን ለማጥፋት ማኅተሙ ሲፋቅ የጎሹ የፊት እግር የተቀረጸበት ጎድጓዳ አብሮ ጠፋ። ገንዘቡ ተፈላጊ በሆነ ጊዜ አጭበርባሪዎች ከደኅናው ሳንቲም ላይ እግሩን እየፋቁ ይሸጡ ጀመር። ነገር ግን በእውነተኛው ላይ ከጎሹ ሆድ በታች ወደ መሬት የሚወርዱ ያበጡ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ፤ እነዚያን በሞረድ ማብቀል አይቻልም።

በ1955 በፊላዴልፊያ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ማኅተሙ ራሱ የሚቀረጸው በእናት ማኅተም ደጋግሞ እየተጫነ ነበርና፣ ሁለተኛው ጫና ከፊተኛው ጥቂት ዞሮ በማረፉ የአንድ ሳንቲሙ ጽሕፈትና ዓመት ድርብ ሆኖ ወጣ። ስሕተቱ የታወቀው ከደኅናው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ስለ ሆነ ሁሉን ማቅለጥ ተትቶ፣ ከሃያ ሺህ እንደማያንስ የሚገመተው ወደ ገበያ ወጣ። አሁን ውድ ነው። ማስተዋል የሚገባው ግን ይህ ድርብነት በደረጃው ቁጥር ላይ አንዳች እንደማይጨምር ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ለአያያዙ ነው፤ የስሕተቱ ስም ከቁጥሩ አጠገብ ለብቻው ይጻፋል፤ ገዢውም ለሁለቱ ይከፍላል። በዚያው ዓመት ማኅተሙ አርጅቶ ጽሕፈቱን ያደበዘዘባቸው ሌሎች ሳንቲሞችም ድርብ መስለው ይታያሉ፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ዝቅተኛ ነው።

ደረጃውን በእርግጥ የሚነካው የማተሚያ ቤት ጉድለት የምት ድካም ነው። በኒው ኦርሊንስ የታተመው የሞርጋን ዶላር ከሳን ፍራንሲስኮው ጋር ሲተያይ ከሴቲቱ ጆሮ በላይ ያለው ጠጉር ብዙ ጊዜ ደብዝዞ ይገኛል። እንዲህ ያለው ብር በገበያ አልዋለምና ከ60 በታች አይወርድም፤ ወደ ከፍተኛው ቁጥር መውጣት ግን አይቻለውም። ያላወቀ ሻጭ ያለቀ መስሎት በርካሽ ይለቀዋል። መለያው ወዙ ነው፤ ብሩን በመብራት ሥር ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ነጸብራቁ በደበዘዘው ሥፍራ ላይም ሳይቋረጥ የሚያልፍ ከሆነ ድካሙ የምት ነው፤ በከፍተኛው ሥፍራ ላይ ወዙ ጠፍቶ ግራጫ ጥላ ከታየ በሰው እጅ አልቋል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ደረጃ ማውጣት ለገበያችን እንግዳ አልነበረም። አባቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቍዎች እያዩ፣ የፈዘዘውን ይመልሱ ነበር። ይህ ብር በማንኛውም ማተሚያ ቤት ቢታተም፣ በ1935 ማኅተሙ ከተሰጣት ከሮም ቢወጣም እንኳ፣ ዓመቱ 1780 መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ሰብሳቢው የሚለየው በጥቃቅን የማኅተም ልዩነት ነውና፣ ያ ልዩነት እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ነው። ከእኛ ዘንድ የሚወጣው ጠገራ ግን ብዙ ጊዜ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ወይም ጆሮ የተበየደበት ነው። ለባለቤቱ የቤተሰብ ክብር ነው፤ በደረጃ አውጪው ፊት ግን ጉዳት ነው።

የባሰው ማጠብ ነው። ከምሠራበት ንግድ ቤት ደንበኞች አንዱ ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት ያለባቸውን ሦስት የአጤ ምኒልክ ብሮች ፈረንጅ ያምርበት ብሎ በሎሚና በአመድ አሽቶ ላከ። ሦስቱም ‹‹ታጥቧል›› ተብሎ ተጽፎባቸው ያለ ቁጥር ተመለሱ። በደብዳቤው ትርጕም ላይ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ፤ ያጠራው ነገር እንዴት ጥፋት እንደሚባል አልገባውም ነበር።

ልዩነትን ሁሉ ስሕተት ማለትም አይገባም። በ1887 እና በ1889 ብር ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ሲሆን፣ በ1892 ብር ላይ ቀኙን ነው፤ ይህ የቅርጽ ለውጥ እንጂ ጉድፍ አይደለም። እንደዚሁ በ1936 የወጣው ክብ ሃያ አምስት ሳንቲም መጠኑ ከብሩ አምሳ ሳንቲም ጋር ስለ ተመሳሰለና ብር እየተቀባ በአምሳ ስለ ተላለፈ ተሰብስቦ፣ በምትኩ ጠርዙ አበባ የመሰለው ወጣ። ከዚህም ጠርዙ ሸካራ የሆነና የተስተካከለ ይገኛልና፣ ሸካራውን አይቶ ተቈርጧል ብሎ መጣል አያስፈልግም።

ከሣጥኑ ውስጥ አሮጌ ብር ያገኘ ሰው በጠርዙ ይያዝ እንጂ ፊቱን በጣቱ አይንካ። ለስላሳ ፕላስቲክ እየቆየ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣበታልና እያንዳንዱን ለብቻው በንጹሕ ወረቀት ይጠቅልል። ወደ ውጭ ለመላክ ቢያስብም ከማንኛውም ነገር በፊት ለቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አሳይቶ ፈቃድ ይጠይቅ።