የቡድን ሹመትና ሽረት፤ የደጋፊውም ቤት

ስለ ሹመትና ስለ ሽረት ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ሰው ሲሾም ደጁ በሰው ይሞላል፤ በተሻረ ጊዜ ግን ትናንት በቅሎውን ይዞ ሲያጅበው የነበረው ሁሉ ዛሬ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በዚያ ቀን ከደጁ ያልጠፉት አንድ ወይም ሁለት ሰዎች እውነተኛ ወዳጆቹ መሆናቸውን የተሻረው ሰው ያን ጊዜ ይረዳል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፈው ግን ስለ መኳንንት ሽረት ሳይሆን ስለ እግር ኳስ ቡድን ሽረት ነው፤ ይኸውም አንድ ቡድን ከላይኛው ውድድር ወደ ታችኛው ሲወርድ በደጋፊው ልብና በደጋፊው ቤት ስለሚያደርሰው ነገር ነው።

«የኳስ ወሬ ከቤተ ሰብ ገጽ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ደጋዎች፥ የእሑድ ማታ እራት በደስታ ወይም በኩርፊያ የሚበላው፥ ብዙ ቀን በሚያስኬድ ሩቅ ከተማ በተደረገ ግጥሚያ የተነሣ የሚሆንባቸውን ቤቶች እናውቃለን። የአባት ፊት በጠቈረ ጊዜ የልጆቹም ፊት ይጠቍራል። ስለዚህ ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ነው።

ኳስ ለማይከታተሉ አንባቢዎቻችን መውረድ ማለት ምን እንደ ሆነ በመጀመሪያ እንግለጥ። በአገራችን ላይኛው ውድድር ፕሪሚየር ሊግ ይባላል፤ የተጀመረውም በ1990 ዓ.ም. ነው። ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ፥ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል፤ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል። 16 ቡድኖች በተወዳደሩበት ዓመት እያንዳንዱ ቡድን 30 ጊዜ ይጋጠማል፤ በመጨረሻም ነጥቡ ተደምሮ ከታች የቀሩት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይወርዳሉ፤ ከሁለተኛው ደረጃ ያሸነፉትም በፈንታቸው ይወጣሉ። የሁለተኛው ደረጃ ስም «ከፍተኛ ሊግ» ነው፤ ከርሱ በታች ያለው ሦስተኛው ደግሞ «አንደኛ ሊግ» ይባላል። እንግዲህ ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው፥ «ቡድንህ ወደ ከፍተኛ ሊግ ሄደ» ሲሉት ሹመት ይመስለዋል። በቀድሞ ዘመንም ስሙ ትልቅ፥ ግዛቱ ግን ሩቅና ጠባብ የሆነ ሹመት የተሰጠው መኰንን፥ የምሥራቹን ሊነግሩት የመጡትን ሰዎች እያመሰገነ በልቡ ያዝን ነበር።

ሰቆጣ የቀድሞዎቹ የዋግ ሹሞች መቀመጫ፥ ዛሬም የዋግ ኽምራ ርእሰ ከተማ ናት። በፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት የራስዋ ቡድን ስለሌላት ኳስ ወዳዱ ልቡን ወደ ሌላ ከተማ ይልካል። አዲስ አበባ ተምሮ ወይም ሠርቶ የተመለሰው ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስን፥ ኢትዮጵያ ቡናን፥ ወይም በቀድሞ ስሙ መብራት ኃይል የሚባለውን ኢትዮ ኤሌክትሪክን ይዞ ይመጣል። በቅርብ ያለውን የሚወድ ደግሞ ወልድያን ይመርጣል። ዋግ በቀድሞው አከፋፈል ከወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ስለ ነበረ፥ የወልድያ ቡድን ለዋግ ሰው ባዕድ አይደለም።

ታዲያ የወልድያ ደጋፊ ያየውን መከራ በጥቂቱ እንተርክ። ወልድያ ስፖርት ክለብ በ2007 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊግ ተወዳድሮ በዚያው ዓመት ወረደ። ተስፋ ሳይቈርጥ ታግሎ በ2009 ዓ.ም. ዳግመኛ ገባ። በዚሁ ዓመት በጥር ወር፥ በሼክ መሐመድ ሑሴን አል አሙዲ ስም የተጠራ፥ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም በከተማው ተመረቀ። ደጋፊው እንግዲህ ቤትም ሠራን፥ ስምም አገኘን ብሎ ደስ አለው። ነገር ግን 2010 ዓ.ም. ክፉ ዓመት ሆነበት። በኅዳር ወር ከመቐለ ቡድን ጋር ሊደረግ የነበረው ግጥሚያ በከተማው በተነሣ ሁከት ምክንያት ሳይደረግ ቀረ። በሚያዝያ ወርም ከፋሲል ከነማ ጋር በተደረገው ግጥሚያ የመሐል ዳኛው ተደበደበ፤ ቅጣትም ተከተለ። ዓመቱ ሲያልቅ ወልድያ ከአርባ ምንጭ ከተማና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። ትልቅ አዳራሽ አሠርቶ ድግሱን ሳያበላ እንደ ደኸየ ባለጸጋ፥ ስታዲየሙ በስፍራው ቆሞ ቡድኑ ብቻ ከላይኛው ማዕድ ተነሣ።

ከወልድያ ጋር የወረደው ኢትዮ ኤሌክትሪክ ደግሞ ታሪኩ የበለጠ ያስደንቃል። የፕሪሚየር ሊግን የመጀመሪያ ዋንጫ በ1990 ዓ.ም. የወሰደው እርሱ ነው፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ደገመው። በዚህ በሁለተኛው ዓመት ተጫዋቹ ዮርዳኖስ ዓባይ 24 ጎል አገባ፤ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. 25 እስኪያገባ ድረስ ይህን ቍጥር ያለፈ አልነበረም። እንዲህ ያለው ቡድን በ2010 ዓ.ም. ወረደ፤ በ2014 ዓ.ም. ታግሎ ወደ ላይ መመለሱን አረጋገጠ፤ በማግሥቱ በ2015 ዓ.ም. ዳግመኛ ወረደ። ይህም በኛ አገር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። የእንግሊዙ ማንቸስተር ሲቲ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. የአገሩ ሻምፒዮና ከሆነ በኋላ በማግሥቱ በ1938 ዓ.ም. ወርዷል፤ በወረደበትም ዓመት 80 ጎል አግብቶ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ያለፈ ክብር ለዛሬ መጠጊያ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ደጋፊው የሚያማርርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ከንቱ አይደለም። አንደኛው ቡድኑን በዓይኑ ለማየት አለመቻሉ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊግ ግጥሚያዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ እንዲደረጉ በመወሰኑ፥ ብዙ ቡድን በገዛ ከተማው፥ በገዛ ሕዝቡ ፊት መጫወት ቀረበት። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ጨዋታው በቴሌቪዥን መታየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በቴሌቪዥን የሚታየው የላይኞቹ ውድድር ነው። የወረደው ቡድን ከመስኮቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሰቆጣው ደጋፊ በስልክ ወዳጁን «ስንት ለስንት ወጡ?» ብሎ ከመጠየቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ከቡድኖቻችን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚሰጣቸው በጀት እንጂ ከደጋፊያቸው በሚሰበሰብ ገቢ አይደለም። በዓመቱ መጀመሪያ ገንዘቡ ለተጫዋች ግዢ ይፈስሳል፤ በዓመቱ አጋማሽ ግን የደመወዝ መዘግየት ወሬ ይሰማል። የደመወዙ ነገር ልክ ከማለፉ የተነሣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ውሳኔ እስከ መደረግ ደርሶ ነበር። በየሰፈሩ በባዶ እግሩ ኳስ የሚያንከባልለው ልጅ ግን የሚያሠለጥነው አጥቶ ይቀራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ክፉ ተረት በቡድን አስተዳደርም በገባ ጊዜ ፍሬው መውረድ ነው። ደጋፊው በዚህ ቢቈጣ እንፈርድለታለን።

ሦስተኛው ምክንያት የዳኛ ነገር ነው፤ በዚህኛው ግን አንፈርድለትም። እኛ በችሎት ጽሕፈት ላይ የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን፥ ቋንቋችን የፍርድ ቤቱንም የሜዳውንም በአንድ ስም «ዳኛ» ብሎ መጥራቱ ዘወትር ያሳስበናል። በፍርድ ቤት የተረታ ሰው ይግባኝ ይላል፤ ማስረጃውን ያቀርባል፤ ዳኛውን ግን አይመታም። ዳኛ የተመታበት አገር የተበደለ ሰው አቤት የሚልበትን ደጅ በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። በሜዳም እንዲሁ ነው። ዳኛው ቢሳሳት ክስ የሚቀርብበት ሥርዓት አለ። በዱላ ግን አንድ ነጥብ እንኳ የተመለሰለት ቡድን የለም፤ ወልድያም በዚያ ዓመት ከመውረድ አልዳነም።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። በሰቆጣ የምናውቃቸው አንድ የጽሕፈት ቤት ሰው አሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሳሉ መብራት ኃይልን መደገፍ ጀምረው እስከ ዛሬ አልተዉም። በ2015 ዓ.ም. ቡድናቸው ዳግመኛ መውረዱ በተረጋገጠ ቀን ወደ ቤታቸው ሲገቡ የሰላምታ መልስ ነፈጉ፤ የቀረበላቸውን ገበታ ገፉ፤ ትልቁን ልጃቸውን በማይረባ ነገር ተቈጡት። ትንሹ ልጅ የአባቱን ራዲዮ ጥፋተኛ እንደ ሆነ ሁሉ አንሥቶ ከአልጋ ሥር ሸሸገው። ባለቤታቸው እስኪበርድላቸው ጠብቀው፥ ድምፃቸውን ሳያነሡ፥ «አንቱ፥ ቡድንዎ ከሊጉ ወረደ፤ እርሱስ ይሁን። አንቱ ግን ከአባትነትዎ ለምን ይወርዳሉ?» አሏቸው። ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ትንሹን ልጅ ጠርተው በገዛ እጃቸው አጐረሱት፤ ትልቁንም ይቅር በለኝ አሉት። ራዲዮውም ከአልጋው ሥር ወጣ።

ይህች ሴት የተናገሩት ነገር ከብዙ ስብከት ይበልጣል። በቋንቋችን «መውረድ» እና «ውርደት» ከአንድ ግሥ የወጡ ስለ ሆኑ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በቤተ ክርስቲያን የተማረ ሰው ግን ልዩነታቸውን ያውቃል፤ ጌታችን ስለ እኛ ከሰማይ መውረዱን ስንናገር ትሕትናውን እናመሰግናለን እንጂ ውርደት አንለውም። ቡድን በነጥብ ቢወርድ የጨዋታ ሕግ ነው። ውርደት የሚሆነው ዳኛ ሲደበደብ፥ የሌላው ከተማ ሰው በእንግድነቱ ሲሰደብ፥ ልጅ የአባቱን የእግር ኮቴ ሰምቶ ሲሸሸግ ነው።

ደግሞም ነገርን በሚዛኑ ማየት ይገባል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ውድድሩ ተሰርዞ ማንም ሳይወጣ ማንም ሳይወርድ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ መቐለ 70 እንደርታ፥ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከውድድሩ ቀሩ፤ መቐለ በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮና የሆነው ቡድን ነበር። ሦስቱም ወደ ፕሪሚየር ሊግ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱም ተስፋፍቶ ወልድያንና ሰቆጣን ሳይቀር ደረሰ። በዚያን ጊዜ ሰው ስለ ልጆቹ ነፍስ እንጂ ስለ ነጥብ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም። በዋግና በትግራይ ወሰን ላይ የሚኖር ሰው፥ ሁለት ቡድኖች ተጋጥመው፥ አንዱ ተሸንፎ፥ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ የሚገባበት ቀን ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። የተሸነፈ ቡድን ያለው አገር ቢያንስ የሚጫወት ቡድን አለው።

እንግዲህ ደጋፊ ምን ያድርግ? የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታልና፥ ምሣር ይዞ ከሚመጣው ጋር አይተባበር። ቡድኑ በወረደ ጊዜ የአባልነት መዋጮውን አያቋርጥ፤ በድል ጊዜ የሚከፍል ብዙ ነው፥ በሽረት ጊዜ የሚከፍል ግን ጥቂት ነውና። ቍጣውን ወደ አስተዳዳሪዎቹ በሥርዓት ያቅርብ፤ የገንዘቡ ሒሳብ የት እንደ ገባ፥ የሰፈሩ ልጆች ለምን እንደማይሠለጥኑ በጽሑፍና በስብሰባ ይጠይቅ። ይህ መብቱ ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ቡድን በእጃችሁ ካለ፥ በዓመቱ መጀመሪያ ከሚደረገው የተጫዋች ግዢ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈለውን ደመወዝ አስቀድማችሁ ብታስቡ፥ በየቤቱ ከሚፈስሰው ኀዘን ብዙውን ታስቀሩ ነበር።

በቤቱ ውስጥ ደግሞ ደጋፊው አባት ልጆቹን መሸነፍን ያስተምራቸው። ልጅ ማሸነፍን ከማንም ይማራል፤ ተሸንፎ እጅ መጨበጥን ግን የሚማረው አባቱን አይቶ ነው። ልጁ አንድ ቀን በትምህርት ይወድቃል፥ በንግድ ይከስራል፥ ከሥራ ይሻራል፤ ያን ጊዜ የሚያስታውሰው አባቱ በቡድኑ መውረድ ማታ እንዴት አድርጎ ገበታ እንደ ቀረበ ነው።

ተስፋን በሚመለከትም ምስክር አናጣም። ኢትዮጵያ መድን በታችኛው ሊግ ብዙ ዓመት ደክሞ በ2014 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለመመለስ በቃ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በእነዚያ ጨለማ ዓመታት ቡድኑን ያልተወ ደጋፊ በዚያ ቀን የተሰማው ደስታ፥ ከድሉ በኋላ የመጣው ሰው ከተሰማው ደስታ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ለወልድያና ለሌሎችም ቡድኖች ደጋፊዎች፥ በሰቆጣም በሌላም ስፍራ ላሉት፥ እንዲህ ያለውን ቀን እንዲያሳያቸው እግዚአብሔርን እንለምናለን፤ እስከዚያ ድረስ ግን የእሑድ ማታው ገበታ በሰላም ይበላ።