ሮቦቱ «ተቃጠለ» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ጥር፣ የሠርግ ወር በመሆኑ በማስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘው ሳለ፣ የመዋኛ ገንዳችንን የሚያጸዳው ሮቦት ሥራ አቆመ። ሲበራ ጥቂት ሰከንዶች ያጉረመርምና ጸጥ ይላል። የጠራነው ጠጋኝ ከላይ አየት አድርጎ «ሞተሩ ተቃጥሏል» አለ። የሞተሩን ዋጋ ስሰማ ደነገጥኩ። የገንዳውን ሠራተኛ ጠርቼ ተቆጣሁት፤ ወጪው በየወሩ ከደመወዙ እንደሚቆረጥም ነገርኩት። ልጁ «ጋሼ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው የሠራሁበት» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም።

በማግስቱ አንድ የማውቃቸው አንጋፋ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጡ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ለመሆኑ ከፍታችሁ አይታችኋል?» የሚል ነበር። አላየንም። ሶኬቱን ነቅለው፣ የላይኛውን ሽፋን ፈትተው፣ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ ፀጉርና የፎጣ ክር በወረንጦ መዘው አወጡ። ሮቦቱ ያንኑ ዕለት ሥራውን ቀጠለ። ፀጉሩ ያለፈው በተቀደደው ማጣሪያ በኩል ነው። ማጣሪያው መቀደዱን ልጁ ከሁለት ወር በፊት ነግሮኝ «ቆይ» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ልጁን ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ የአምራቹን መመሪያ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በየሆቴሉ፣ በየአፓርትመንቱና በየግል ቤቱ ሮቦት የገዙ ሰዎች ተመሳሳይ ችግር ሊገጥማቸው ስለሚችል የተማርኩትን ላካፍል። በባትሪ የሚሠሩም አሉ፤ የማወራው ግን ስለ ባለ ኬብሉ ነው።

መሣሪያው ሦስት ክፍሎች አሉት። ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ፓወር ሰፕላይ የ220 ቮልቱን ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 30 ቮልት ያወርደዋል። ኬብሉ ይህንን ኃይል ውኃ ውስጥ ወዳለው አካል ያደርሳል። በዚያ ውስጥ አንዱ ሞተር ጎማውንና ብሩሹን ሲያሽከረክር፣ ሌላው ፕሮፔለሩን እያዞረ ውኃውን ከሥር ስቦ በማጣሪያው ያሳልፍና በላይ በኩል ይተፋዋል። ሮቦቱን ከወለሉና ከግድግዳው ጋር አጣብቆ የሚይዘውም ይኸው የውኃ ግፊት ነው።

ይህን የተረዳ ሰው ብዙውን ብልሽት ራሱ ሊለየው ይችላል። ሮቦቱ ግድግዳ መውጣት ካቃተው ማጣሪያው ስለሞላ ውኃው በደንብ አያልፍም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ብሩሹ አልቆ ወይም ግድግዳው አልጌ ይዞ አንሸራቶት እንደሆነ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ የሚሽከረከር ከሆነ የተጠማዘዘ ኬብል ወይም የተበጠሰ ጎማ ይፈለግ። አልሰጥም ብሎ ከተንሳፈፈ ውስጡ አየር ቀርቷል፤ ውኃ ውስጥ እንዳለ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አረፋውን ማስወጣት ነው።

እንደኛው በርቶ የሚጠፋ ከሆነስ? ሶኬቱን ነቅለው፣ ኬብሉን ከፓወር ሰፕላዩ ያላቅቁና ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን መልሰው ያብሩት። ያኔም ከጠፋ ችግሩ የራሱ ነው። በርቶ ከቆየ ግን ችግሩ ኬብሉ ወይም ሮቦቱ ጋ ስለሚሆን ፕሮፔለሩን መመልከት ይገባል። አንድ ነገር ፕሮፔለሩን ሲይዘው ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ስለሚጎትት መከላከያው ራሱ ኃይሉን ያቋርጣል። እኛ «ተቃጠለ» ያልነው ሞተር እንዳይቃጠል መሣሪያው ራሱን እየጠበቀ ነበር። ሞተሩ ያለበት ክፍል ግን ውኃ እንዳይገባው የታሸገ ስለሆነ በቤት ውስጥ አይከፈትም፤ ለባለሙያ ይተው።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም። ሮቦቱ ሥራውን በጨረሰ ቁጥር ማጣሪያው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። በተለይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የበጋ አቧራ በሚበዛበት ግቢ ይህ ለነገ አይባልም። ከገንዳው ሲወጣ ኬብሉን ተጠቅሞ ወደ ዳር ማምጣት ይቻላል፤ ማንሳት ግን በእጀታው ብቻ ነው። ኬብሉ የተጠማዘዘ እንደሆነ ፀሐይ ላይ ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ ማቆየት ይረዳል፤ ሮቦቱ ራሱ ግን ጥላ ሥር ይቀመጥ። የውኃው ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6 ቢሆን መልካም ነው። ብዙ ክሎሪን የተጨመረ ዕለት መጠኑ እስኪወርድ ድረስ ሮቦቱ አይግባ፤ ጎማውንና ብሩሹን ይጎዳልና። ከውኃ ውጭ «እስኪ ልሞክረው» ብሎ ማብራትም ሞተሩንና የውኃ መከላከያ ላስቲኩን ያበላሻል።

ከሁሉም በላይ ግን የሰው ሕይወት አለ። ሮቦቱ በሥራ ላይ እያለ ማንም ሰው፣ በተለይም ሕፃናት፣ ገንዳው ውስጥ መግባት የለባቸውም። የእኛ መመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 3.5 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። የሚሰካበት መስመርም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጥ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀልና ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ያተርፋል።

ሮቦቱ ቆሻሻን እንጂ ጀርምን እንደማያስወግድ መዘንጋት የለበትም። የገንዳው ዋና ፓምፕና ክሎሪን ሥራቸውን መቀጠል አለባቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? አሁን ገንዳው አጠገብ አንድ ደብተር አለ። ልጁ ማጣሪያውን ያጠበበትን ቀንና ያየውን ጉድለት ይጽፍበታል። በየሳምንቱ መጨረሻ አንብቤ የምፈርመው እኔ ነኝ። የማጣሪያው ጉዳይ ዳግመኛ «ቆይ» አይባልም።