ግዑዝ ነገር በድርሰት ውስጥ ሲናገር

ግዑዝን ነገር እንደ ሰው እንዲያስብ፣ እንዲናገርና እንዲያዝን አድርጎ የማቅረብ ዘይቤ ሰውኛ ይባላል። «የሶር ወንዝ በክረምት ይቆጣል» ስንል የሰውን ጠባይ ለወንዙ አውሰነዋል ማለት ነው። ይህ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚፈጸም ሰውኛ ነው። ዘይቤው በረጅም ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲዘልቅ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህን በምሳሌ እንመልከት።

በጃፓን አገር በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ ታሪክ ማንጋ ይባላል። «ሮዘን ሜይደን» የተሰኘው ማንጋ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 በአንድ ወርኃዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጥቶ በ8 ቅጽ ታትሟል። ደራሲዎቹ ፒች ፒት በሚል የብዕር ስም በጋራ የሚሠሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። ዋናው ባለታሪክ ጁን ሳኩራዳ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ለአንዲት የክፍሉ ልጅ የነደፈው የቀሚስ ሥዕል በተማሪዎች ፊት ተገልጦ መሳለቂያ ሆነ። ስለዚህ ትምህርቱን አቋርጦ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ጃፓኖች እንዲህ ከሰው ተለይቶ ለወራት ቤት መዋልን ሂኪኮሞሪ ይሉታል።

አንድ ቀን በሣጥን ውስጥ የተኛች አሻንጉሊት ወደ ጁን ቤት ትመጣለች። እንደ ሰዓት በቁልፍ ሲሞላት ዓይኗን ትገልጣለች። ስሟ ሺንኩ ነው። ጽሑፉ በሰነፍ ደራሲ እጅ ቢወድቅ ኖሮ፣ ሺንኩ «ጁን ሆይ፣ ትምህርት ጠቃሚ ነውና ተነሥ» ባለችው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሺንኩ «አገልጋዬ ነህ፤ ሻይ አፍላልኝ» ትለዋለች፤ ሻዩ ካልጣማትም ትቆጣለች። የራሷም ጭንቀት አለባት። ሮዘን የተባለው ሠሪ ያበጃቸው 7 አሻንጉሊቶች፣ ፍጹም ልጅ ለመሆንና እርሱን ለማግኘት ሲሉ እርስ በርሳቸው መዋጋት ግድ ሆኖባቸዋል። ጁን የእነዚህን እኅትማማቾች ችግር እየተካፈለ ሲሄድ የዘጋውን በር ይከፍታል፤ ቀስ በቀስም ወደ ጥናቱ ይመለሳል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሺንኩ ሕያው የሆነችው አፍ ስለ ተበጀላት ብቻ አይደለም። የራሷ ፍላጎት፣ የራሷ ጠባይና የራሷ ወሰን ስላላት ጭምር ነው። በአገራችን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅትም ይኸው ይታያል። ቀድሞ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁት ይህ ሥራ ባለታሪኳን ፀሐይን በእጅ የምትንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት አድርጎ ያቀርባታል። ፀሐይ ትምህርት ከመስጠቷ በፊት ራሷ ለማወቅ ትጓጓለች፤ ልጆችም የሚከተሏት ስለዚህ ነው።

አሁን ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከእራፊ ጨርቅ የተሠራች አሻንጉሊት በመቱ ክረምት፣ በሩን ለዘጋ ልጅ ስትናገር አስቡ። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

ሀ. «እኔ አሻንጉሊት ነኝ። ተማሪ ትምህርቱን መከታተል ይገባዋል።»

ለ. «ዝናቡ ልብሴን አረጠበው። አንተ በሩን ስለ ዘጋህ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣኝ አጣሁ።»

በ«ሀ» የምንሰማው የደራሲውን ምክር ነው። በ«ለ» የምንሰማው ግን የአሻንጉሊቷን ድምፅ ነው፤ ልጁንም ከቤት ሊያወጣው የሚችለው ይህ ነው።

መልመጃ፦ ከጀበና፣ ከንብ ቀፎና ከኩራዝ አንዱን መርጣችሁ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን ማድረግ እንደማይችል በቅድሚያ ወስኑ። ከዚያም አንድ ገጽ ድርሰት ጽፋችሁ በክፍል ውስጥ አንብቡ። ጓደኛችሁ ሲያነብ በጽሞና አድምጡ፤ የጁን በር የተዘጋው በክፍል ጓደኞቹ ሳቅ መሆኑን አትዘንጉ።