ሲቀላ፣ ሸቻ ወይስ ዶርዜ? ለአርባ ምንጭ መንገደኛ የማደሪያ ምርጫ

የዓመት ፈቃድ በተፈቀደ ማግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ወዴት ልሂድ?» የሚል ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ግን «የት ልደር?» የሚለው ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው ይህን ለአውቶቡስ ረዳትና ለመናኸሪያ ደላላ ትቶት ይሄዳል። ባለጠጋ ቢሳሳት በማግሥቱ ሆቴል ይለውጣል። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል ጸሓፊ፣ ወይም ከምሳው ቆጥቦ የወጣ ተማሪ ግን በመጀመሪያው ሌሊት የመረጠው አልጋ የአምስቱን ቀን ዕረፍት ያበጅለታል፤ ወይም ያበላሽበታል። ስለዚህ ሐይቅና ተራራ ባንድነት ከሚገኙባቸው ከተሞቻችን አንዷን፣ አርባ ምንጭን ይዘን፣ በጥቂት ገንዘብ የት ማደር እንደሚሻል ከአንባቢ ጋር እንመካከር።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ከበስተ ኋላዋ የጋሞ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፊቷ አባያና ጫሞ ተንጣለዋል። አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትልቁ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወንዞች ከደጋው ጠርገው በሚያመጡት ደለል ምክንያት ውሃው ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ጫሞ በስፋት ያንሳል፤ መልኩ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ቦቴጎ የተባለው የኢጣልያ አሳሽ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ አባያን በአገሩ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» ብሎት ነበር፤ ስሙ ለብዙ ጊዜ በአውሮፓውያን ካርታ ላይ ቆየ እንጂ የአገሬውን ስም አልሻረውም። ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው ኮረብታማ መሬት «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። ይህን ድልድይ ከየት ሆኖ ማየት ይሻላል የሚለው ነገር የማደሪያው ምርጫ ግማሽ ነው።

አርባ ምንጭ በስም አንዲት ከተማ ብትሆንም መንገደኛ ሁለት አድርጎ ቢቆጥራት ይበጀዋል። የታችኛዪቱ ሲቀላ፣ የላይኛዪቱ ሸቻ ትባላለች። በመካከላቸው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት አለ። ሦስተኛውን ማደሪያ ለሚሻ ደግሞ ከዚያ በላይ ተራራው ራሱ፣ የዶርዜና የጨንቻ አገር አለለት።

በሲቀላ እንጀምር። አውቶቡስ የሚያራግፈው እዚያ ነው፤ ገበያውም፣ ርካሹ አልቤርጎም፣ ትኩስ የአሣ ጥብስም እዚያ ነው። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከሲቀላ ወዲያ በገደሉ ሥር፣ በነጭ ሣር ፓርክ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይፈልቃሉ፤ የከተማውም ሕዝብ የሚጠጣው ከእነርሱ ነው። ታዲያ ለኪስ የሚስማማ ቦታ ሁሉ ለእንቅልፍ ይስማማል ማለት አይደለም። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሙቀቱ ለደገኛ ይከብዳል፤ የቆርቆሮ ጣራ ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋዋል። ብዙዎቹ ርካሽ መኝታ ቤቶች ከቡና ቤት ጋር የተያያዙ ናቸው። ከአልጋው ራስጌ በኩል ዘፈን የሚያስተጋባ ድምፅ ማጉያ ቢኖር፣ የኪራዩ ማነስ የቅዳሜን ሌሊት እንቅልፍ አይመልስም። ስለዚህ በሲቀላ የሚያድር ሰው ክፍል ሲመርጥ ወደ ዋናው መንገድ የሚከፈተውን ትቶ ወደ ጓሮ የሚያየውን ይጠይቅ።

ከሙቀቱም ከጩኸቱም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ግን ወባ ነው። ይህን ለማስፈራራት አንጽፈውም፤ ዳሩ ግን አዲስ አበባ ያደገ ወጣት ወባን በስም እንጂ በገላው አያውቃትም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በሽታው በአገራችን በብዙ ቦታ እንደ ገና በርትቶ ነበር። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ከማታ እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነውና፣ ጥበቃው ያለው በአልጋው ላይ ነው። ክፍል ከመከራየታችሁ በፊት አጎበሩን ዘርግታችሁ በብርሃን ፊት እዩት። ተቀዶ በክር የተቋጠረ፣ ወይም እስከ ፍራሹ የማይደርስ አጎበር ካገኛችሁ ይለወጥልኝ ማለት ነውር አይደለም። እንዲያውም ከቤት የራስን አጎበር ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ ክብደቱ ከአንድ ሸሚዝ እምብዛም አይበልጥም። ከተመለሳችሁ በኋላም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢነሣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ በቢሮ ወንበር ላይ አትቀመጡ። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ፣ ሳትጠየቁ «አርባ ምንጭ ነበርሁ» በሉት። አዲስ አበባ ላይ በሽተኛው ካልነገረው ሐኪሙ ወባን ላያስብ ይችላል።

ወደ ሸቻ እንውጣ። መሥሪያ ቤቶች ከጥንቱ የተተከሉት በላይኛው ከተማ ነው፤ ነፋሻ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ደኑ፣ ሁለቱ ሐይቆችና የእግዜር ድልድይ ባንድ ጊዜ ይታያሉ። ጧት ጉሙ ከደኑ ላይ ሲነሣ ማየት ብቻውን የአውቶቡሱን ድካም ይክሳል። ስለዚህም በአፋፉ ላይ የተሠሩት ሆቴሎች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። እዚህ ላይ ግን ለባለ ትንሽ ደመወዝ አንድ ዘዴ አለ። በእነዚያ ቤቶች ተከራዩ የሚከፍለው ለአልጋው ሳይሆን ለበረንዳው ነው። በረንዳው ደግሞ ሻይ ለሚጠጣም ክፍት ነው። ከአፋፉ ጥቂት ገባ ብሎ በሸቻ ውስጥ በሚገኝ ንጹሕ ፔንሲዮን ማደርና ማታ ማታ ከትልቁ ሆቴል በረንዳ ላይ አንድ ሻይ ይዞ ፀሐይ እስክትጠልቅ መቀመጥ ይቻላል። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ ቢገላምጥ ሦስተኛ ጊዜ ይለምዳችኋል።

«ሐይቁ ይታያል» የሚለውን ቃል ግን በዓይን ሳያዩ ማመን አይገባም። አንድ ወዳጄ ስሙን ከማልጠራው ቤት ገብቶ ባለቤቲቱን፣ «እትዬ፣ ክፍሉ ሐይቁን ያሳያል ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ኧረ በደንብ ነው ልጄ!» አሉት። ከፍሎ ገብቶ መስኮቱን ቢከፍት የጎረቤት ግድግዳ ሆነበት። ተመልሶ ቢጠይቅ እትዬ ምንም ሳያፍሩ፣ «በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ነዋ ልጄ፤ ባልዲው ላይ ውጣበት» አሉት። እውነትም ባልዲው ላይ ሲወጣ አንድ መዳፍ የምታህል አባያ ታየችው።

ዶርዜና ጨንቻ የሌላ ዓለም ያህል ናቸው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ጥቂት ተጉዞ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲይዙት፣ የሙዙ ተክል ወደ እንሰት፣ ሙቀቱም ወደ ብርድ ይለወጣል። ጨንቻ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ስትሆን፣ ዛሬ በፖም ፍሬዋ ትታወቃለች። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም እርሷ ነበረች፤ መንግሥት መቀመጫውን ወደ ቆላ ያወረደውና አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። የቀድሞዎቹ ሹማምንት ከወባው ርቀው በብርዱ መኖርን መምረጣቸውን ስናስብ፣ የዛሬውም መንገደኛ የሚመርጠው ያንኑ እንደሆነ እንረዳለን።

በዶርዜ በአገሩ ወግ በቀርከሃ በተሠራ ቤት ውስጥ ማደር ይቻላል። ቤቱ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ በእንሰት ቅጠል ወይም በቀርከሃ ቅርፊት የሚከደን ሲሆን፣ ፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል፤ ከበሩ በላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይኖች፣ ወደ ፊት የወጣው መግቢያ ኩምቢ ነው። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ባለቤቶቹ የተበላውን እየቆረጡ ይጥሉለታል፤ ስለዚህ ቤት ሲያረጅ ያጥራል። የሰፈር ሰው ተባብሮ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደውም ይችላል። ዶርዜዎች በሽመና የታወቁ ናቸውና ሸማው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ማየት፣ ቆጮውንም በዳጣና በማር መቅመስ የሚገባ ነው። ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ዕቃ ለማቅለል ብሎ ጋቢውን ቤቱ ትቶ የሄደ ሰው በጋቢው አገር ጋቢ ሲዋስ ያድራል። ሽንት ቤቱ ከመኝታው ራቅ ብሎ ሊሠራ ስለሚችል፣ እናቱን ወይም አያቱን ይዞ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በአርባ ምንጭ ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛውም በመስከረምና በጥቅምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ በዝናብ ስትታጠብ እዚያ ዝናቡ ረገብ ስለሚል፣ የተማሪው የክረምት ዕረፍት ከአየሩ ጋር ይስማማለታል። ዳሩ ግን በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በሚያስመርቅበት ሰሞን፣ ከየአገሩ የሚመጡ ወላጆች መኝታውን ሁሉ ይይዙታል። የመሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ሲኖርም እንዲሁ ነው፤ የውሎ አበል የያዘ ሰው ባለበት ደግሞ የክፍል ዋጋ አይቀንስም። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ስልክ ደውሎ ክፍል ማስያዝ ነው።

በሐይቁ ዳር ማደር የሚያምረው ሰው ይኖራል። ጫሞ ግን ዋና የሚዋኝበት ሐይቅ አይደለም። አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት «የአዞ ገበያ» የተባለው ስፍራ ያለው እዚያው ነው፤ ጉማሬም አለ። በጀልባ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ኪራዩ በጀልባ እንጂ በሰው ስላልሆነ፣ ብቻውን የሚጓዝ ተማሪ ጧት ቀደም ብሎ ከሌሎች እንግዶች ጋር ቢዳበል ይጠቀማል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል።

እኔን ለሚጠይቀኝ ሰው አምስቱን ሌሊት እንዲህ አካፍልለታለሁ፦ ሦስቱን በሸቻ፣ አንዱን በዶርዜ፣ የመጨረሻዪቱን በሲቀላ። የመጨረሻዪቱ በሲቀላ የምትሆነው ስለ ውበት አይደለም፤ አውቶቡሱ ሳይነጋ ስለሚነሣ፣ በዚያ ሰዓት ከሸቻ የሚያወርድ ባጃጅ መፈለግ ያንገላታልና ነው። ሒሳቡን ማታውኑ ዘርዝሮ መክፈል ይገባል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዘበኛው በሩን ይከፍትላችኋል እንጂ የገንዘብ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው አታገኙም።