ካርቦን ፋይበር አይዝግም፤ የተጠጋውን ብረት ግን ያስበላል

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ቦይንግ 787ን፣ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረክቧል። የሁለቱም አካል በክብደት ግማሽ ያህሉ በካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው። ይህ ቁስ አይዝግም ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጨዋማ እርጥበት ባለበት ከአሉሚኒየም ጋር ከተነካካ በመካከላቸው ወደ 1 ቮልት የሚጠጋ ልዩነት ይፈጠራል፤ በዚህም ካርቦኑ ምንም ሳይሆን አሉሚኒየሙ ይበላል። በደብረ ኤልያስና በሞጣ የጎጃምን ክረምት የሚችለው የቤት ክዳን ቆርቆሮም የሚኖረው በዚሁ ሕግ ነው፤ የተለበጠበት ዚንክ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያቆየዋል። በአውሮፕላን ላይ ግን የሚበላው ክፍል ራሱ ጭነት ተሸካሚ ነው። በሰፊ የካርቦን ገበታ ላይ አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ሪቬት ብትመታ ደግሞ የገበታው ጉልበት ሁሉ በእሷ ላይ ያርፋል፤ ቶሎ ታልቃለች።

አምራቾቹ ይህን አልሳቱትም። ከ787 ክብደት 15 በመቶው ታይታኒየም የሆነበት አንዱ ምክንያት፣ ውድና ለመቁረጥ አስቸጋሪ ቢሆንም ከካርቦን ጋር ተስማምቶ መኖሩ ነው። አሉሚኒየም የግድ በሚሆንበት ቦታ በመካከል ፋይበር ግላስ ይነጠፋል፣ መገጣጠሚያውም በማሸጊያ ይደፈናል። ታዲያ በፋብሪካ የተዘጋ ጉዳይ ለምን ይነሣል? የሚል ይኖራል። መልሱ ያለው በጥገናው ቦታ ነው። ጭነት መኪና በር ገጭቶ አዲስ ብሎን ሲያስፈልግ መሰርሰሪያው የካርቦኑን ቃጫ ጫፍ ያጋልጣል። ብሎኑ ማሸጊያ ሳይቀባ በደረቁ ከገባ፣ ከመጸዳጃ ቤት ወለል የሚወርደው ውኃ ወይም በጭነት ክፍል ከተጫነ ሥጋ የሚፈሰው ጨዋማ ፈሳሽ መንገድ ያገኛል። መጀመሪያ ቀለሙ ያብጣል፤ ሲፋቅ ከሥሩ የተበላው አሉሚኒየም ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል።

የድሮዎቹ የአሉሚኒየም አውሮፕላኖች ከዚህ የባሰ ይዝጉ ነበር የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው። ቦይንግም የ787ን ከባድ የአካል ፍተሻ በየ12 ዓመቱ እንዲሆን ያቀደው በዚሁ ተማምኖ ነው፤ ለ767 የነበረው 6 ዓመት ነው። ለእኔ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይኸው ርዝመት ነው፤ የፍተሻው ጊዜ በራቀ ቁጥር የአንድ ቀን የጥገና ስህተት ለረጅም ዘመን ተሸሽጎ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጡት አውሮፕላኖች 12 ዓመታቸውን በ2024 ሞልተዋል። ስለዚህ ከእንግዲህ ትልቁ ዋስትና እያንዳንዱን ቀዳዳ፣ እያንዳንዱን ብሎንና ማሸጊያ በመዝገብ የሚይዝ ቴክኒሻን ነው።

ይህን ለማስተማር ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የካርቦን ቁራጭ፣ የአሉሚኒየም ሪቬትና ጨው ውኃ ይበቃሉ። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የምሕንድስና ክፍሎችም ይህን ሙከራ ለተማሪዎቻቸው ዘንድሮ ይጀምሩላቸው።